ብረት የማይገባበት ክፍል

ኖርማን ስትሮብል ሞቶም እያየ ነበር። ምን እንደሚያይ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ለቆመ ሁሉ ግልጽ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው ስክሪን ያሳያል። የድንጋይ ወለል። ኮምፒዩተር የሠራው የአንድ ግንብ ወለል፣ ነጥብ ነጥቡ እንደ ተበተነ ጤፍ የሚታይ፣ ውልፍት የማይል። ሰውየው የእንጨት ወንበር ላይ እንደተቀመጠ አገጩን ደረቱ ላይ ጥሏል። ራሱ ላይ የሞተር ሳይክል ነጂ የሚያደርገውን የመሰለ ጥቁር የራስ ቁር አለ። የቁሩ ክዳን ሁለት ትንንሽ ስክሪኖች ይዞ ዓይኑን ሸፍኖታል፣ ማዳመጫው ጆሮውን ደፍኖታል፤ ከኋላው የጣት ውፍረት ያለው ገመድ ወጥቶ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ይገባል። ቁሩ ራስ ወዴት እንደዞረ ያውቃል። ራስ ሲዞር ውስጡ ያለው ዓለም አብሮ ይዞራል፣ ራስ ሲደፋ መሬት ያሳያል። ከትናንት ጀምሮ መሬት እያሳየ ነው።

«አጥፉት» አለች ኢንስፔክተር ኮኒ ፓሉምቦ።

«አሻራ ይነሳና» አለ ሳጅን ሌስተር ጉድዊን። ጡረታው ደጅ የደረሰ፣ የማይቸኩል ሰው ነው፤ የምትቸኩለው ኮኒ ናት። «የልጅ ልጄ ለገና ይሄን ግዛልኝ ብሎኝ ነበር። ካልሲ ገዛሁለት። ካልሲ ሰው ሲገድል አይቼ አላውቅም።»

ምቱ አንድ ብቻ ነው፤ ከቁሩ ጠርዝ በታች፣ ማጅራቱ ላይ። የመታው ሰው እየዘፈነ ቢገባ እንኳ ኖርማን አይሰማውም፣ አያየውም ነበር። ከክፍሉ ውጭ ያለው ወርክሾፕ ተበርብሯል። ወደ ኮሪደሩ የሚያወጣው በር ተፈልቅቋል። ለኤግዚቢሽን ተዘጋጅተው የነበሩ ሁለት አዳዲስ ቁሮች የሉም። ቸኩሎ ለሚያይ ሰው ነገሩ ሁሉ አንድ ቃል ነው፤ ሌባ።

ሌስተር በሩ አጠገብ ያለ የእንጨት ገበቴ ላይ አጎንብሷል። የሟቹ ሰዓት፣ ቁልፍና ቀበቶ ገበቴው ውስጥ ተቀምጠዋል።

«ለመሆኑ ቀበቶውን አውልቆ ምን ሊሠራ ነበር?»

«ያንን ለሚስቱ ተውላት።»

«ሚስት የለውም።»

«እንግዲያ ለማንም አትንገር።»

ሬሳውን ያገኘችው ፊሊስ ሃርትዌል ናት፤ የድርጅቱ ግማሽ ባለቤት፣ የሽያጭ ኃላፊዋ። ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ልትጨርስ መጥታ ነው። ካፖርቷን ሳታወልቅ የኮሪደሩን ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች።

«ትናንት ከሥራ በኋላ የት ነበሩ?» አለቻት ኮኒ።

«ዓርብ አይደል? ዓሣ።»

ሮቸስተር ውስጥ ዓርብ አመሻሽ የት ነበርክ ተብሎ ዓሣ ያላለ ሰው ካለ ያለ ምርመራ ካቴና ይገባዋል። ከተማው ሁሉ አንዱ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ወርዶ ለጥብስ ዓሣ ይሰለፋል፤ ካቶሊኩም፣ ፕሮቴስታንቱም፣ በምንም የማያምነውም።

«ከማን ጋር?»

«ከዌንደል ኦስትራንደር ጋር። የቁሩን አቅጣጫ ጠቋሚ የሠራው እሱ ነው፤ የወርክሾፑም ቁልፍ ያለን ኖርማን፣ እሱና እኔ ነን። ኖርማን አንድ ሙከራ ይቀረኛል ብሎ ቀረ። ሁልጊዜ አንድ ሙከራ ይቀረዋል።»

«ከኖርማን ጋር የተጣላ ሰው አለ?»

ፊሊስ ከኮሪደሩ ማዶ ያለውን መጋዘን በአገጯ አሳየች። አሮጌ የቢሮ ዕቃ የሚከማችበት ነው። «ኤፍራይን የሚባል ልጅ አለ እዚያ የሚሠራ። የዕቃ ሊፍቱን ባንቀሳቀሰ ቁጥር ኖርማን ወጥቶ ይጮህበት ነበር። ሥራችንን ያበላሽብናል።»

«በጫጫታው?»

«ጫጫታው እንኳን…»

ውስጥ ስልክ ጮኸ፣ ፊሊስም ለማንሳት ሄደች። ኮኒ የተቀረውን አልጠበቀችም። የምትፈልገውን ስም ይዛለች።

ኤፍራይን ኮሎን፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ። ሁለት ጊዜ በር ፈልቅቆ ሰርቆ ታስሯል፤ አሁን በአመክሮ ወጥቷል።

«የለመደች ጦጣ» አለ ሌስተር፣ ወረቀቱን እየመለሰላት።

«ሁልጊዜ ሽምጠጣ» ብላ ጨረሰችለትና ሁለት ፖሊሶች ወደ ቤቱ ላከች።

ኤፍራይን ፖሊሶቹ በሩን ሲደበድቡ በኋላ መስኮት ዘለለ። በካልሲው በረዶ ላይ ሮጦ ሁለት አጥር ካለፈ በኋላ ተያዘ።

---

«ለምን ሮጥክ?»

«ፖሊስ በርህን ሲደበድብ ለምን ሮጥክ ነው የምትይኝ? አንቺ የት ሰፈር ነው ያደግሽው?»

«ንጹሕ ሰው አይሮጥም።»

«ንጹሕ ሰው አይሮጥም ያለሽ ሰው በሩ ተደብድቦ አያውቅም።» ኤፍራይን የምርመራ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ሁለት እጁን ዘርግቷል፤ በጣቶቹ መሐል የመጋዘን አቧራ አለ። «ዓርብ ሥራ እንደጨረስኩ ቤቴ ገባሁ። ልጄን አበላሁ፣ ሆኪ አየሁ።»

«ማን አየህ?»

«ልጄ።»

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«ስድስት።»

ኮኒ ብዕሯን አስቀመጠች። የስድስት ዓመት ልጅ ምስክርነት ምን እንደሚያወጣ ሁለቱም ያውቃሉ።

«ስሚኝ፣ አንቺ ሴትዮ» አለ ኤፍራይን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰኞ የአመክሮ ቦርዱ ፊት ታቀርቡኛላችሁ። የግድያ ክስ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ ከቀረብኩ ተመልሼ ገባሁ ማለት ነው። የልጄ የማሪሶል እናት ሞታለች። አያቷ አለች፤ አያቷ ደግሞ ከአልጋ ወርዳ ሽንት ቤት ለመሄድ እኔን የምትጠብቅ ናት። እኔ ከሌለሁ የካውንቲው የሕፃናት ቢሮ መጥቶ ልጄን ይወስዳታል። ከዚያ በኋላ የማን ልጅ እንደምትሆን እግዜር ነው የሚያውቀው። ያንን ሰውዬ አልነካሁትም። ይጮህብኝ ነበር፤ እኔም መልሼ ጮኼበታለሁ። በቃ። ለጩኸት ሰው አይገደልም።»

«ለጩኸት የተገደለ ሰው ብዛት ብነግርህ አታምነኝም።»

«ሰኞ ከመድረሱ በፊት ሌላ ሰው ፈልጊ» አለ ኤፍራይን። «ለኔ ስትይ አይደለም።»

---

እሑድ ጠዋት የአስከሬን መርማሪው ዶክተር ሃፍነር ትንሽ የብርጭቆ ዕቃ ጠረጴዛው ላይ አደረገላት። ታችኛው ጥግ ላይ ቢጫ ብናኝ አለ።

«ከቁስሉ ያወጣሁት ነው። ወርቅ ቢሆን ኖሮ አልነግርሽም ነበር። ናስ ነው።»

«ሰው በናስ ይመታል?»

«ይሄኛው ተመቷል። ጠፍጣፋ፣ ጠርዝ ያለው ዘንግ። አንድ ጊዜ፣ ሳይቸኩል።»

ኮኒ ከዚያ በቀጥታ ወርክሾፑ ወዳለበት አሮጌ የጫማ ፋብሪካ ሄዳ ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። ትናንት ያላየችውን በር አሁን ተንበርክካ አየችው። የበሩ ፍሬም ቆርቆሮ ነው፤ መፈልቀቂያው የተንሸራተተበት ቦታ ላይ፣ ጭረቱ ውስጥ፣ ቢጫ ቅባት የመሰለ ነገር ተቀብቷል። በጥፍሯ ፋቀችው። ከኤፍራይን መጋዘን በር አጠገብ፣ ከእሷ አንድ እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ ሦስት የዛጉ የብረት መፈልቀቂያዎች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል።

«ሌባ በናስ በር አይፈለቅቅም» አለች ለሌስተር። «ናስ ይታጠፋል።»

«ሞኝ ሌባም አለ።»

«ኤፍራይን ሞኝ ነው?»

ሌስተር ትንሽ አሰበ። «በካልሲ በረዶ ላይ የሚሮጥ ሰው… አይ። ሞኝስ አይደለም። ፈሪ ነው።»

ኮኒ ሌስተርን የዓርቡን ዓሣ አጣራ ብላ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ላከችው። እሷ ዌንደል ኦስትራንደርን ጠርታ የጠፋው ዕቃ ምን እንደሆነ በዓይኑ አይቶ እንዲነግራት ወርክሾፑ ውስጥ ጠበቀችው።

---

ዌንደል ሃምሳዎቹን የያዘ፣ እጅጌውን በጥንቃቄ የሚያጥፍ፣ ከጠየቁት በላይ የማይመልስ ሰው ነው። መደርደሪያዎቹን እያየ የጠፋውን ነገራት፤ ሁለት ቁር፣ ሁለት ገመድ። ከዚያ ሟቹ ወደ ነበረበት ክፍል ሲገቡ ሳይታወቀው ሰዓቱን ፈትቶ ገበቴው ውስጥ አኖረ፣ ቁልፎቹንም አስከተለ። ኮኒ አየችው።

«ይሄ ነገር ምን ያህል ቢያምር ነው ሰው የሚሰርቀው?» አለች።

«ማየት ትፈልጊያለሽ?»

ከመሣቢያ ሌላ ቁር አውጥቶ አጠለቀላት። ክዳኑ ዓይኗ ላይ ሲወርድ ክፍሉ ጠፋና ግንብ ውስጥ ቆመች። ምስሉ ሻካራ ነው፣ ቁሩ አንገት ይሰብራል፤ ግን ቀና ስትል ጣሪያ አለ፣ ስትዞር ግድግዳው ይዞራል። ከዚያ ሳትንቀሳቀስ ዓለሙ በራሱ መዞር ጀመረ። ግድግዳው ወደ ቀኟ ተንሸራተተ።

«እኔ አልዞርኩም» አለች።

ዌንደል ሳቀ። ሲስቅ ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነው። «ሽጉጥሽን ታጥቀሻል።»

«እና?»

«ገበቴው ውስጥ አድርጊው።»

ሽጉጧንና የመኪና ቁልፏን በዳበሳ ገበቴው ውስጥ ከተተች። ዓለሙ ጸጥ አለ።

«ቁሩ ሰሜን ወዴት እንደሆነ ከመሬት ማግኔት ነው የሚያውቀው» አለ ድምፁ፤ አሁን ከጠየቁት በላይ እየመለሰ ነው። «ብረት ከቀረበው ሰሜን የጠፋበታል። እኔ ነኝ የሠራሁት፣ ከዚህ የረከሰ መንገድ የለም። ገዢ ቤቱ ወስዶ ብረት ጠረጴዛ ላይ ሲያደርገው ምን እንደሚል እናያለን። እዚህ ክፍል ግን ብረት አይገባም። ወለሉን ነቅለን ምስማሩን በእንጨት ችካል ተካነው። መሣሪያ ሁሉ ናስ ነው። ያ ልጅ ሊፍቱን ሲያንቀሳቅሰው እንኳ የኖርማን ግንብ ይዞር ነበር። ‹ብረት› ብሎ ይጮሃል። ፊደል ከመቁጠሩ በፊት ያቺን ቃል የተማረ ነበር የሚመስለው።»

ኮኒ ክዳኑን ከፍ አደረገች። ከክፍሉ በር ውጭ፣ ወርክሾፑ ግድግዳ ላይ፣ የናስ መሣሪያዎች በተርታ ተሰቅለዋል። የአንዱ ቦታ ባዶ ነው።

«እዚያ ምን ነበር?»

«መፈልቀቂያ። ሌባው ወስዶት ይሆናል።»

ቁሩን አውልቃ ብድግ ስትል ወለሉ ከእግሯ ሸሸ። ጠረጴዛውን ይዛ ቆመች፤ ከዚያ ሽጉጧንና የመኪና ቁልፏን ልታነሳ ስትጎነበስ ዌንደል ቁልፏን ቀደማት።

«ግማሽ ሰዓት ትቀመጫለሽ።»

«ሥራ አለብኝ።»

«ትቀመጫለሽ አልኩሽ። ዓይንሽ ገና እዚያ ነው ያለው። መሪ ይዘሽ መንገዱ ሲታጠፍ አንቺ አትታጠፊም።»

«ደህና ነኝ።»

«ሁሉም ደህና ነኝ ነው የሚለው።» ቁልፉን ጨበጠው። እሷ እስክትቀመጥ ድረስ አልዘረጋውም።

ኮኒ ተቀመጠች። መቀመጥ አትወድም፤ ግን ስትቀመጥ ታስባለች። የተፈለቀቀው በር ከኮሪደሩ ወገን ነው የተፈለቀቀው። የፈለቀቀው ናስ ደግሞ የሚሰቀለው ከበሩ ውስጥ ነው። በሩን ለመስበር የሚያስፈልገው መሣሪያ ከተቆለፈው በር ወዲያ ተሰቅሎ ሳለ የሚሰብረው ሌባ አልተወለደም። በሩ ሲሰበር ሰውየው አስቀድሞ ውስጥ ነበር። በቁልፍ ገብቶ ነበር።

ኖርማን የራሱን ማጅራት አልመታም። የሚቀሩት ሁለት ቁልፎች ናቸው። አንደኛው አሁን ፊት ለፊቷ ቆሞ፣ መንዳት እንድትችል ዓይኗ ወደዚህ ዓለም እስኪመለስ እየጠበቀላት ነው።

---

ኮኒ መጠራጠር የጀመረችው ከፊሊስ ነው፤ ወደ ጣቢያ አስጠራቻት። ኖርማን ድርጅቱን ጠቅልሎ ካሊፎርኒያ ሊወስደው እንደነበረ፣ እሷን ሊያስቀራት እንደነበረ ሕንፃው ሁሉ ያውቃል። ፊሊስም አልካደችም።

«ልገድለው ፈልጌ ነበር ወይ? አዎ፣ በየሳምንቱ። ዓርብ ግን ዓሣው ሰልፍ ላይ ጎመን እያደልኩ ነበር። ከመጀመሪያው ተሰላፊ እስከ መጨረሻው ጎመን የጨለፍኩት እኔ ነኝ። ደብሩ ሁሉ እጄን አይቷል።»

«ዌንደልስ?»

«እዚያው ነበር። ካፖርቱ ወንበሩ ላይ ነበር።»

«ካፖርቱን አይደለም የጠየቅኩዎት።»

ኮኒ ወንበሯን ወደፊት ሳበች። «ወርክሾፑ ውስጥ የመኪና ቁልፌን ቀማኝ። ለምን?»

«ስለ ጁን ነዋ።» ፊሊስ ኮኒን ምንም የማያውቅ ሰው እንደምታይ ሁሉ አየቻት። «ሚስቱ። አላወቅሽም? ሞካሪ የምንቀጥርበት አቅም የለንም፤ ቁሩን የምንሞክረው በየቤተሰባችን ነው። ባሎቻችን፣ ሚስቶቻችን፣ የእህት ልጆች። የወጣ ሰው ግማሽ ሰዓት ሳይቀመጥ አይነዳም፤ ይሄ የቤታችን ሕግ ነው። በኅዳር ጁን ስትሞክር ዋለች። ከዚያ ነድታ ስትሄድ ድልድዩ ጋ ሲታጠፍ እሷ አልታጠፈችም። በረዶ ነው ተባለ።»

«አልተቀመጠችም?»

«ኖርማን ‹ተቀመጪ ብያት እንቢ አለች› ብሎ ለዌንደል ነገረው። ቀብሩ ላይ ነው የነገረው፣ እጁን ይዞ።» ፊሊስ ጣቶቿን እያየች ነው። «እኔ በሩ ላይ ነበርኩ ያን ቀን። እንግዶች ታች ይጠብቁ ነበር፣ ከቺካጎ የመጡ ገዢዎች። ኖርማን ‹ሂጂ በይ፣ ወንበሩ ይፈለጋል› ነው ያላት። ትንሽ ላርፍ ብላው ነበር።»

«ይሄን ለዌንደል መቼ ነገሩት?»



«ሐሙስ» አለች ፊሊስ። «ኖርማን ካሊፎርኒያ እወስደዋለሁ ሲል ተናደድኩ። እውነቱን ማወቅ ይገባዋል ብዬ ነው።»

«እውነቱ እንዲጠቅመው ነው ወይስ ኖርማንን እንዲጎዳው?»

ፊሊስ ካፖርቷን ደረቷ ላይ ሰበሰበች።

ሌስተር በራፉ ላይ ደረሰ። ከጃኬቱ የዘይት ሽታ ይወጣል፤ ጥያቄውን ከመጠየቁ በፊት በልቷል ማለት ነው።

«እሑድም ዓሣ አለ?» አለችው።

«የዓርቡን አሞቁልኝ። ስሚ፣ ካፖርቱ እውነት ነው፤ ገና ሰልፉ ሳይጀመር ነው ወንበሩ ላይ የጣለው። እዚያ ካፖርት ከጣልሽ ወንበሩ ያንቺ ነው፣ ማንም አይነካውም፣ ያየ ሁሉ አንቺንም ያየሽ ይመስለዋል። ግን ሰልፉን የሚያስተናግዱ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ‹ዌንደል ሰልፉ መጨረሻ ላይ መጣ፣ ሹራቡ ትከሻ ላይ በረዶ ነበር› ይላሉ። ‹ካፖርትህን ለምን አልለበስክም› ሲሉት ምን አላቸው መሰለሽ?»

«ምን?»

«‹ወንበሬን እየጠበቀልኝ ነው›።»

---

ዌንደል ቤቱ ነበር። ወጥ ቤቱ ውስጥ አስቀመጣቸው፤ ሌስተር በሩን ይዞ ቆመ፣ ኮኒ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ከውጭ ጎረቤት በረዶ ሲጠርግ አካፋው ይፋጫል።

«በሩ የተፈለቀቀው በናስ ነው» አለች። «ናሱ የሚሰቀለው ውስጥ ነው።»

ዌንደል ራሱን ነቀነቀ፤ የተማሪውን ሒሳብ ልክ ነው እንደሚል መምህር።

«የማይገባኝ አንድ ነገር ነው። ኮሪደሩ ላይ፣ መጋዘኑ በር አጠገብ፣ የብረት መፈልቀቂያ ቆሟል። አንዱን አንስተው በሩን በሱ ቢሰብሩት ኖሮ እኔ እዚህ አልመጣም ነበር። በአጠገቡ አልፈዋል። ለምን በናስ?»

ዌንደል ቀኝ እጁን ገልብጦ አየው።

«የበሩን አላውቅም» አለ። «እጄ ላይ የነበረው እሱ ነው። እዚያ ቤት ብረት ካነሳሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ብረቱ አልታየኝም። እውነቴን ነው፣ እዚያ እንደቆመ እንኳ አልታየኝም።»

«የኖርማን ወንበር ጋስ? እዚያም ልማድ ነው?»

ሌስተር በሩ ላይ ተንቀሳቀሰ። ኮኒ ገብቷታል ለምን፤ አሁን «አዎ፣ ልማድ ነው» ቢል ንዴት ያሳወረው ባል ይሆናል፣ ዳኛም ያዝንለታል። ጥያቄው መውጫ በር ነው። ዌንደልም በሩን አየው።

«አይ» አለ። «ወንበሩ ጋ አውቄ ነው። ብረት ይዤ ብቀርበው ግንቡ ይዞርበታል፤ ከኋላው ሰው እንዳለ ያውቃል። ‹ብረት› ብሎ ክዳኑን ያነሳ ነበር። ካየኝ ደግሞ አልችልም። ኖርማንን ለሃያ ዓመት አውቀዋለሁ።» ቃሉን እየመረጠ ነው የሚናገረው። «ሰዓቴን ፈታሁ። ቁልፌን ገበቴው ውስጥ አደረግኩ። ድምፅ አይሰማም፣ ግን በጣቴ ጫፍ ነው የሄድኩት። ጣሪያውን ቀና ብሎ እያየ ነበር፤ በጣም የሚወደው ጣሪያ አለ። እስኪያጎነብስ ጠበቅኩት።»

ኮኒ ደብተሯን አላወጣችም።

«ዕቃዎቹስ?»

«ጄኔሲ ወንዝ ውስጥ ናቸው። ከድልድዩ ወረወርኳቸው። የትኛው ድልድይ እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

«ኤፍራይንን ያውቁታል?»

«ሊፍቱን ይይዝልኝ ነበር። ዕቃ ስጭን ይረዳኛል።»

«ልጅ እንዳለው ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ። ፎቶዋን አሳይቶኛል።»

«በሩን ሲፈለቅቁ በሱ ላይ እንደሚመጣ አላሰቡም?»

«አላሰብኩም» አለ ዌንደል። ውጭ አካፋው ዝም አለ። ዌንደል ጠረጴዛውን ትንሽ ጠረገ፣ የሌለ ፍርፋሪ ሰበሰበ። «አስቤ ነበር» አለ። «ቀድሞ በር ፈልቅቆ መታሰሩን አውቄ ስለነበር ነው የፈለቀቅኩት።»

ሌስተር ካቴናውን አወጣ። ዌንደል እጁን ሲዘረጋ ቆም አለና ሰዓቱን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

---

ሰኞ ጠዋት ኮኒ የአመክሮ ቦርዱ ቢሮ ስትደርስ ወረቀቱ በእጇ ነው፤ ገዳዩ ተይዟል፣ ቃሉን ሰጥቷል፣ ኤፍራይን ኮሎን ነፃ ነው። የአመክሮ ሹሙ አንድ ጊዜ አነበበው፣ በትሕትናም መለሰላት።

«ጥሩ ሥራ ነው። የግድያው ነገር ተዘግቷል። አሁን የቀረው የማምለጡ ነገር ነው።»

«ምን ማምለጥ?»

«ቅዳሜ ከፖሊስ አምልጧል። የአመክሮ ግዴታው ውስጥ አለ፤ ፖሊስ ሲፈልግህ ትቆማለህ።»

«ያልሠራውን ሥራ ሠርተሃል ብለን ነው የሄድነው። ፖሊሶቹን የላክኋቸው እኔ ነኝ። በሩን እንኳ በቅጡ ሳላይ ነው የላክኋቸው። ተሳስቼ ነው፣ ይሄን ጻፍልኝ።»

«እጽፈዋለሁ።» ጻፈውም፤ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ። «ሮጧል ወይስ አልሮጠም?»

«በካልሲው ነው የወጣው» አለች ኮኒ።

«ኢንስፔክተር፣ ሮጧል ወይስ አልሮጠም?»

«ሮጧል።»

አንድ ዓመት ተፈረደበት። ሹሙ ቀለል ያለው እንደሆነ አስረዳት፤ ከፍ ሊል ይችል ነበር።

ኤፍራይን ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ እግሩ በሰንሰለት፣ ሁለት ጠባቂ በግራና በቀኙ። ነገሩን ከፊቷ ላይ አነበበው፣ እንድትናገር አላስገደዳትም።

«ገዳዩ ማን ሆነ?» አለ።

«ዌንደል።»

«ያ ዝምተኛው?» ኤፍራይን ትንሽ አሰበ። «እዚያ ፎቅ ላይ በስሜ የሚጠራኝ እሱ ብቻ ነበር።»

«ይግባኝ አለ። እኔ እመሰክራለሁ። በጽሑፍም በቃልም።»

«መቼ ነው የሚታየው ይግባኙ?»

«በጋ ላይ።»

«በጋ ላይ» ብሎ ደገመው፤ ቃሉን እንደሚመዝን ሰው። «ካውንቲው ዛሬ ከሰዓት ይመጣል አሉኝ። ሁለት ሴትዮዎች፣ ከረሜላ ይዘው። ማሪሶል ከእነሱ አፍ እንድትሰማው አልፈልግም። አንቺ ነሽ ያስያዝሽኝ፤ አንቺ ንገሪያት። ደግሞ እንደ ፖሊስ አታድበስብሺባት። ትሰማለች፣ ሁሉን ነገር ትሰማለች።»

ጠባቂዎቹ አስነሱት። ሰንሰለቱ አጭር ስለሆነ በትንንሽ እርምጃ ነው የሄደው።

ሌስተር መኪናው ውስጥ እየጠበቃት ነበር። የት እንደሚሄዱ ሲሰማ ምንም ሳይቀልድ ሞተሩን አስነሳ። ሰፈሩ በረዶው ያልተጠረገ ነው፤ ከመንገዱ ራቅ አድርጎ አቆመ።

«ልምጣ?»

«አይ።»

አንደኛ ፎቅ ላይ ያለውን በር አንኳኳች። ሁለት ጊዜ፣ ቀስ አድርጋ፤ እጇ ከለመደው በታች። ከውስጥ የአሮጊት ሳል ተሰማ፣ ከዚያ ወንበር ወለሉ ላይ ሲጎተት። ሰንሰለቱ እንደታሰረ በሩ ትንሽ ተከፈተ፤ ወንበር ላይ የቆመች፣ ጸጉሯን ራሷ ያሰረች የምትመስል ልጅ በክፍተቱ አየቻት።

«ፖሊስ ነሽ?»

«አዎ። ኮኒ እባላለሁ።»

«አባቴ ሰውዬውን አልገደለም።»

«አልገደለም። የገደለውን ሰው ትናንት ይዘነዋል። አባትሽ ምንም እንዳላደረገ አሁን ሁሉም ሰው ያውቃል።»

ማሪሶል ይህን ሰምታ ነገሩን በጭንቅላቷ አዞረችው። በሩን መልሳ ዘጋችው፣ ሰንሰለቱን ፈታችው፣ አሁን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ከኮኒ ጎን አልፋ ደረጃውን አየች፣ ከዚያ በእግሯ ጣቶች ቆማ እስከ ውጭ በር ድረስ ያለውን አየች።

«እሺ» አለች። «ታዲያ የት አለ?»